ብርሃን፣ ኖራና ጨው፦ ኮራልን በመስታወት ገንዳ የማኖር ታሪክ

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ላሳስብ።

የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ለታሪክ ተማሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ጥያቄው ግን ቀላል ነው፦ ከሞቃት ባሕር የወጣ ኮራል በመስታወት ገንዳ ውስጥ እንዲኖርና እንዲያድግ ብርሃኑና ውኃው እንዴት መሆን አለባቸው? ዛሬ መልሱ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። የውኃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ ጨዋማነቱ ከሺህ እጅ 35 ያህል፤ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፤ ማግኒዥየሙ 1,300 ሚሊግራም ገደማ፤ ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4፤ ናይትሬትና ፎስፌት እጅግ ጥቂት፤ ብርሃኑ ብርቱና ወደ ሰማያዊ ያደላ። እነዚህ ቁጥሮች እንዲህ ተደርድረው ሲነበቡ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን ብዙ ገንዳ ከሞተ፣ ብዙ ጥያቄም ተጠይቆ መልስ ካጣ በኋላ የተገኙ ናቸው። የዛሬ ዓላማዬ ቁጥሮቹ በምን መንገድ እንደ ተደረሰባቸው ማሳየት ነው። በመንገዱም ላይ ሁለት ነገሮችን እከራከራለሁ፤ አንደኛ፣ ዕውቀቱ ወደ ፊት የተራመደው ጥያቄው በተለወጠ ጊዜ መሆኑን፤ ሁለተኛ፣ ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ቅጥር ውጭ የነበሩ ሰዎች መሆናቸውን።

ኮራልን ሕዝባችን በጌጥነት ያውቀዋል፤ ቀዩን ዶቃ መርጃን ብለን እንጠራዋለን። ሕያውነቱ ግን በሊቃውንት ዘንድ እንኳ ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የማርሴዩ ሐኪም ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የኮራል «አበባ» የተባለው እንስሳ ነው ብሎ ሲያስረዳ በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ከዚያ በኋላ የመጡት ተጓዦችም ከኮራል ጋር የተገናኙት በአብዛኛው በአጽሙ አማካይነት ነው። በ1820ዎቹ ሁለት ጀርመናውያን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ ኤረንበርግና ሄምፕሪሽ፣ ቀይ ባሕርን አስሰዋል። ሄምፕሪሽ በ1825 በምጽዋ በንዳድ ሞተ፤ ኤረንበርግ አገሩ ገብቶ በ1834 የቀይ ባሕርን ኮራሎች በየወገናቸው የሚመድብ ሥራ አሳተመ። ሥራው ታላቅ ነው። ሆኖም በሣጥን ታሽጎ በርሊን የደረሰ ነጭ አጽም ኮራል እንዴት እንደሚኖር ሊናገር አይችልም።

በሕይወት የማቆየቱ ታሪክ የሚጀምረው በእንግሊዝ ነው። በ1846 አና ቲን የተባለች ሴት በቶርኪ የባሕር ዳርቻ ጥቂት ኮራሎችን አገኘች። በመንገድ እንዳይናወጡ በመርፌና በክር ከሰፍነግ ጋር ሰፍታ በማሰሮ ውስጥ ወደ ለንደን ወሰደቻቸው። የባሕር ውኃ በየጊዜው ማስመጣት ከባድ ስለነበረ ያንኑ ውኃ ደጋግማ መጠቀም ነበረባት። ስለዚህ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስትገለብጥ ትውል ነበር። በኋላ ቲን የባሕር ተክል ጨመረችበት፤ ኮራሎቹም ኖሩ፣ ተራቡም። የዚያች ሠራተኛ ስም በታሪክ አልተጻፈም፤ ይሁንና ዛሬ በየገንዳው ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠሩት ፓምፖች የሚፈጽሙት የእርሷን ሥራ ነው። የውኃ እንቅስቃሴና የአየር ልውውጥ የመጀመሪያው የተፈታ ችግር ሆነ ማለት ነው። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ የዓሣ ቤቱን ለሕዝብ ከፈተ፤ በዓመቱም የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ ታትሞ አኳሪየም በየሳሎኑ የሚታይ ነገር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የቲን ኮራሎች ከቀዝቃዛ ባሕር የመጡና በሥጋቸው ውስጥ ዋቅላሚ ወይም አልጌ የማይሸከሙ ነበሩ። ብርሃን ቢያንሳቸው አይሞቱም። በእነርሱ የተገኘው ድል ሪፍ ለሚሠሩት የሞቃት ባሕር ኮራሎችም ይበቃል ተብሎ ታሰበ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ግን አልበቃም።

ምክንያቱን የያዘው ዓይን የማያየው ተዳባይ ነው። በ1881 በርሊን ውስጥ ካርል ብራንት በልዩ ልዩ የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ቢጫ ኅዋሳት ራሳቸውን የቻሉ ዋቅላሚዎች መሆናቸውን አስረድቶ ዞኦዛንቴላ ብሎ ሰየማቸው። ተዳባዩ ታወቀ፤ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ግን አልታወቀም። ይህን ለመፍታት ትልቁ ጥረት የተደረገው ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሎው አይልስ ደሴቶች በሰፈረው የእንግሊዝ ጉዞ ነው። መሪው ሞሪስ ያንግ ኮራሎችን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ለወራት አቆያቸው። ኮራሎቹ ዋቅላሚዎቻቸውን አጡ፤ ምግብ እስካገኙ ድረስ ግን አልሞቱም። ከዚህም ተነሥቶ ኮራል ሥጋ በል ነው፣ ዋቅላሚው ምግብ አይሰጠውም፣ ዋነኛ ጥቅሙ ቆሻሻ ማስወገድ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ።

ተማሪዎቼ ይህን ሙከራ በጥንቃቄ እንዲመረምሩት እፈልጋለሁ፤ የታሪክ ትምህርቱ ያለው እዚህ ነውና። ምልከታው ትክክል ነበር። ጉድለቱ በጥያቄው ላይ ነው። ያንግ የጠየቀው «በጨለማ ይሞታል ወይስ አይሞትም?» ብሎ ነው። ኮራል ግን አለመሞት ብቻውን አይበቃውም፤ ማዕበልና ቦርቧሪ ፍጥረታት በየቀኑ የሚያፈርሱትን አለት እየተካ መገንባት አለበት። «በጨለማ ይገነባልን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

ይህን ሌላውን ጥያቄ ቀድመው ከጠየቁት አንዱ ጃፓናዊው ሲሮ ካዋጉቲ ነው። በ1930ዎቹ በፓላው ደሴቶች በነበረው የምርምር ጣቢያ ኮራሎች በብርሃን ኦክስጅን እንደሚሰጡ ለካ፤ በ1948 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ብርሃን የካልሲየም ክምችታቸውን እንደሚጨምር የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። በስፋት የሚጠቀሰው ግን በጃማይካ የሠራው ቶማስ ጎሮ ነው። ጎሮ በ1959 ባሳተመው ጥናት ራዲዮአክቲቭ ካልሲየም ተጠቅሞ፣ ኮራል በብርሃን አጽሙን የሚገነባበት ፍጥነት በጨለማ ካለው በብዙ እጅ እንደሚበልጥ አረጋገጠ። ከዚያ በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሊዮናርድ ማስካቲንና ካዴት ሃንድ በራዲዮአክቲቭ ካርቦን አማካይነት ከዋቅላሚው ወደ ባሕር አኔሞኒ ሥጋ ምግብ እንደሚተላለፍ አሳይተው ነበር። በ1984 ደግሞ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ በኤይላት በተሠራ ጥናት፣ በሙሉ ብርሃን ያደገ ኮራል ለመተንፈስ የሚያስፈልገውን ካርቦን በሙሉ ከዋቅላሚዎቹ ሊያገኝ እንደሚችል፣ በጥላ ያደገው ግን ጉድለቱን በአደን መሙላት እንዳለበት ተገለጠ። ስለዚህ ለሪፍ ኮራል ብርሃን ጌጥ አይደለም፤ ቀለቡ ነው። በየገንዳው ሥጋ እየተቆራረጠ የተሰጣቸው ኮራሎች ቀስ በቀስ የመነመኑት በዚህ ምክንያት ነበር።

ብርሃን ምግብ ከሆነ መጠኑና ዓይነቱ ይጠየቃል። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ውጦ ያስቀራል፤ ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። የኮራል ዋቅላሚዎች ቀለማትም ይህንኑ ሰማያዊና አረንጓዴ ሰማያዊ ብርሃን ለመያዝ የተመቹ ናቸው። በኒው ካሌዶኒያ ኑሜያ በ1956 አኳሪየም የከፈተው ረኔ ካታላ ብዙም ሳይቆይ ከጥልቅ ውኃ ያወጣቸው ኮራሎች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ደማቅ ቀለም እንደሚያንጸባርቁ አይቶ ዓለምን አስደነቀ። ዛሬ ተመልካች በየገንዳው የሚያደንቀው አረንጓዴና ብርቱካን ፍካት የዚያ ግኝት ውርስ ነው። የካታላ ገንዳዎች ግን ከባሕሩ በቀጥታ የሚፈስ ውኃ ነበራቸው። ከባሕር ርቀው በሰሜን አውሮፓ ክረምት ኮራል ለማኖር ለሚፈልጉት ሌላ ዘዴ ያስፈልግ ነበር። የፍሎረሰንት አምፖል ለዚህ ደካማ ነበር፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ጀርመናውያን የአኳሪየም ባለሙያዎች ለስታዲየምና ለመንገድ የተሠራውን የሜታል ሃላይድ መብራት ከገንዳው በላይ ሰቀሉ። በእኛ መቶ ዘመን ደግሞ ሞገዱን መርጦ መስጠት የሚችለው ኤልኢዲ ተተካ።

ብርቱ ብርሃን ሲገኝ ሌላ ስሕተት ተከተለ፤ ይኸውም ብዙ ብርሃን ሁልጊዜ ይጠቅማል የሚል ነው። በሞቃት ባሕር ላይ በቀትር የሚወርደው ለብርሃን አስተፃምሮ የሚያገለግል ብርሃን በካሬ ሜትር በሰከንድ 2,000 ማይክሮሞል ይደርሳል። ባለሙያዎች ግን ለአብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ብርሃን ለሚወዱት ባለቅርንጫፍ አክሮፖራዎች ደግሞ ከ200 እስከ 400 በቂ ሆኖ አግኝተውታል። ከጥላ የመጣ ኮራል በአንድ ቀን ለብርቱ ብርሃን ቢጋለጥ ዋቅላሚው ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ኃይል ይይዛል፤ ትርፉም ጎጂ የኦክስጅን ውጤቶችን እየፈጠረ ኅዋሱን ይመርዘዋል። ስለዚህ ብርሃን በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

አሁን ወደ ውኃው እንለፍ። በዝግ ገንዳ የመጀመሪያው ገዳይ ከዓሣ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ የሚወጣው አሞኒያ ነው። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ያንንም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱ እየተከማቸ ሲሄድ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ያለው ዋቅላሚ ከልክ በላይ ይበዛል፤ በአለቱም ላይ አረም አልጌ ይወርሰዋል። በዚህ ላይ ብልሃቱን ያሳየው የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። በ1961 ለአኳሪየም ወዳጆች በሚታተም መጽሔት ዘዴውን ገለጸ፦ ከሪፍ የወጣ፣ ፍጥረታት የሞሉበት ሕያው አለት፣ ለስለስ ያለ የአየር አረፋ፣ የፀሐይ ብርሃን። ሌላ ማጣሪያ አልነበረውም። የዘዴው ምሥጢር በኋላ ተገለጠ፤ በአለቱ ገጽ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ሲለውጡ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት በአለቱ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ መልሰው ወደ አየር ይለቁታል። ጃካርታ ውስጥ ፀሐይም ሕያው አለትም ቅርብ ነበሩ፤ በሌላው ዓለም ዘዴው እስኪለመድ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል አለፉ።

ሁለተኛው ችግር የግንባታ ዕቃ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ከኖራ ድንጋይ ባሕርይ ነው። በባሕር ዕቃው አያልቅም፤ በገንዳ ግን ጤናማ ኮራል በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሟጥጠዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ብርሃኑ ባማረ ቁጥር ኮራሉ ፈጥኖ ይገነባል፤ ፈጥኖ በገነባ ቁጥር ውኃው ፈጥኖ ይደኸያል። ፔተር ቪልከንስ በ1970ዎቹ በሥራዎቹ ያስተዋወቀው መፍትሔ እጅግ ቀላል ነበር፤ በትነት የጎደለውን ውኃ በኖራ ውኃ መተካት። ኖራው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየሙንና ካርቦኔቱን ኮራል በሚፈጅበት ሚዛን ይመልሳል። ሚዛኑ የታወቀ ነው፤ ኮራል በሊትር 20 ሚሊግራም ካልሲየም ሲወስድ የውኃው አሲድን የመቋቋም አቅም፣ በባለሙያዎች አጠራር አልካላይኒቲ፣ በ1 ሚሊኢኩዊቫለንት ይቀንሳል። አንዱን እየለኩ ሌላውን የዘነጉ ሰዎች ገንዳቸው ለምን እንደሚታመም ሳይገባቸው ኖረዋል። በበርሊን እነ ዲትሪሽ ሽቱበር ሕያው አለትን፣ ብርቱ መብራትን፣ ኖራን፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣውንም ስኪመር አንድ ላይ አቀናጁ። ሽቱበር ካሳደገው አክሮፖራ እየተቆረጠ ለወዳጆች የተሰጠው ቁራጭ በአውሮፓ ብዙ ገንዳዎች ውስጥ ተባዝቷል። ከባሕር መቁረጥ ሳያስፈልግ ከገንዳ ወደ ገንዳ ኮራል ማዛመት እንደሚቻል ከታየባቸው ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው።

ተቋማትም በዚያው ዘመን በየፊናቸው ሞክረዋል። በ1980 የዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ዋልተር ኤዲ በአልጌ ምንጣፍ የሚያጣራውን ሪፍ ለሕዝብ አሳየ። በ1987 በአውስትራሊያ ታውንስቪል 2.5 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ፣ ለፀሐይ ክፍት የሆነ የኮራል ገንዳ ተከፈተ። በ1989 ደግሞ የሞናኮ የውቅያኖስ ጥናት ሙዚየም፣ ዣን ዦበር በአሸዋ ንጣፍ ናይትሬትን በሚያስወግድበት ዘዴ፣ ከጂቡቲ የተወሰዱ ሕያዋን ኮራሎችን ማኖር ጀመረ። ይህን የመጨረሻውን ለእኛ ቅርበት ስላለው ለብቻው አነሣዋለሁ። ሄምፕሪሽና ኤረንበርግ ከአካባቢያችን የወሰዱት ሙት አጽም ነበር፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ የተወሰደው ሕያው ሪፍ ነው። በዘዴው ረገድ የታየው እድገት አስደናቂ ነው። ጉዞው ግን በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆኑን የታሪክ ተማሪ ሳያስተውል ሊያልፍ አይገባውም።

እኛም የራሳችን ኮራል አለን፤ ያለው ግን በምድረ በዳ ነው። በአፋር በደናክል ዝቅተኛ ቦታ ጠርዝ ላይ ከ120 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ ቀይ ባሕር ወደ ውስጥ በገባበት ዘመን የበቀሉ የኮራል አለቶች ዛሬም ይታያሉ። ኋላ ባሕሩ ተቆረጠ፤ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨውን አስቀረች፤ የአሞሌው አገር እንዲህ ተፈጠረ። የደናክል ታሪክ በትንሹ በየመስታወት ገንዳው ውስጥ በየቀኑ ይደገማል፦ ውኃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ትነቱን ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ያልተካ ሰው ሳያውቀው ኮራሉን ወደ ደናክል ይወስደዋል። በአንጻሩ የቀይ ባሕር ኮራሎች በሰሜኑ በኩል ከሺህ 40 በሚደርስ ጨዋማነት ይኖራሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል፤ የሚገድለው በአብዛኛው ድንገተኛ መለዋወጥ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የጥቂት ወዳጆች የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። የለወጠው የባሕሩ መታመም ነው። በአሪዞና በባዮስፌር 2 ውስጥ በተሠራው 2.6 ሚሊዮን ሊትር ያህል በሚይዝ ሰው ሠራሽ ባሕር ላይ ክሪስ ላንግደንና ባልደረቦቹ የውኃውን ኬሚስትሪ እየለዋወጡ የኮራሉን ግንባታ ለኩ። በ2000 የታተመው ውጤታቸው የካርቦኔቱ ሙሌት በቀነሰ መጠን ግንባታውም እንደሚቀንስ አሳየ። የአኳሪየም ሰዎች ለዓመታት በኖራ ውኃ ሲታገሉት የነበረው ችግር ነው። ልዩነቱ ውቅያኖስ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየመጠጠ ሲሄድ የኖራ ውኃ የሚጨምርለት አለመኖሩ ነው። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በአንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራል ዋቅላሚውን አስወጥቶ ይነጣል። ያንግ በጨለማ ሣጥን ያየው ነጭ ኮራል ዛሬ በቀን ብርሃን በሺህ ኪሎ ሜትሮች ላይ ይታያል፤ በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ታውጇል።

በዚህ ጊዜ ገንዳው አዲስ ሥራ አገኘ። በለንደን ሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስና ባልደረቦቹ በገንዳ ውስጥ የወቅቶችን ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመት፣ የፀሐይን መውጫና መግቢያ፣ የጨረቃንም ዑደት አስመስለው ኮራሎች እንቁላልና ዘር እንዲለቁ አደረጉ፤ ውጤቱን በ2017 አሳተሙ። የብርሃኑ ታሪክ ከፀሐይ ወደ ጨረቃ ተሻገረ ማለት ነው። በፍሎሪዳ ከ2014 ጀምሮ የኮራልን ሥጋ የሚያረግፍ በሽታ ሪፎቹን ሲፈጅ፣ ያልተያዙት ተሰብስበው ወደ ልዩ ልዩ አኳሪየሞች ተወሰዱ። በ2019 በፍሎሪዳ አኳሪየም የአዕማድ ኮራል በዚሁ የለንደን ዘዴ ዘር ለቀቀ። በ2023 በጋ የባሕሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ደግሞ በችግኝ ጣቢያ የነበሩ ኮራሎች በጥድፊያ ወደ የብስ ገንዳዎች ተጓዙ። ከዚያ መቶ ሰባ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ቲን ኮራሉን ከባሕር ያወጣችው ለማወቅ ብላ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ያወጡት ከባሕሩ ለማዳን ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። ገንዳ ባሕርን አይተካም። ጥቂት ሺህ ቅንጣቶችን ማዳን ሪፍን ማዳን አይደለም፤ ለሽያጭ የሚደረገው ኮራል ቆረጣም በአንዳንድ ቦታ ጉዳት አድርሷል። «ገንዳ አለን» የሚለው መጽናኛ ባሕሩን ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን ቁርጠኝነት እንዳያላላው እሠጋለሁ። ሆኖም ስለ ባሕሩ ከምናውቀው ከፊሉን ያወቅነው ገንዳው ስለሞተብን ነው። ባሕር የሚያስፈልገውን ሁሉ በዝምታ ያቀርባል፤ ገንዳ ግን የጎደለውን ነገር በሞት ያስታውቃል። ብርሃን ምግብ መሆኑን፣ ኖራ ማለቁን፣ ጨው መክበዱን ያስተማረን ይህ ጉድለት ነው።

ተማሪዎቼ ከዚህ ታሪክ አንድ ልማድ እንድትወስዱ እመክራለሁ። የተሰለፈ የቁጥር ሰንጠረዥ ስታዩ፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ የትኛው ጥያቄ እንደ ተጠየቀ፣ ማን እንደ ለካው፣ ማን ውኃውን እንደ ገለበጠ ጠይቁ። ሐይቆቻችንም የሚለካቸው ይፈልጋሉ፤ የሙቀታቸው፣ የጨዋማነታቸውና የንጥረ ነገራቸው መዝገብ ሳይቋረጥ በየዓመቱ ካልተያዘ፣ አንድ ቀን መለወጣቸውን ብናይ እንኳ ከምን እንደ ተለወጡ መናገር አንችልም።